የፊት ሎደር የሃይድሮሊክ መስመር ስንዘረጋ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ትራክተሩ ሥር ነው የዋልኩት። የፊት ሎደር፣ ማለትም ከፊት ሆኖ አፈር የሚያነሳ ክንድና ባኬት፣ ልንገጥምለት የሃይድሮሊክ መስመር (በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሱትን ቱቦዎች) እየዘረጋን ነበር። ደስ የሚል ድካም!

ሎደሩ አራት ቱቦ ይፈልጋል። ሁለቱ ክንዱን ለማንሳትና ለማውረድ፣ ሁለቱ ባኬቱን ለማጠፍና ለመድፋት። ይሄ ቀላሉ ነው። ዋናው ጥያቄ ዘይቱን ከየት እንቅዳ የሚለው ነው። የእኛ ትራክተር ፓምፑ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ዘይቱን ሳያቋርጥ የሚያዞር ዓይነት ነው። ስለዚህ ዘይቱን ወደ ሎደሩ ቱቦዎች የሚያከፋፍለው አዲሱ ቫልቭ ከፓምፑ መግቢያና ወደ ታንከሩ መመለሻ ብቻ አይበቃውም። ዘይቱን ወደ ኋላው ማንሻ (ከትራክተሩ ኋላ የሚታሰሩ መሣሪያዎችን ወደሚያነሳው) የሚያሳልፍ ሦስተኛ መውጫም ያስፈልገዋል። እሱ ከተዘለለ የኋላው ማንሻ ዘይት አያገኝም።

ጊዜ የበላው ግን የቱቦዎቹ ርዝመት ልኬት ነው። ክንዱ ወርዶም፣ እስከ ላይ ተነስቶም፣ የፊት ጎማዎቹ እስከ መጨረሻው ታጥፈውም መታየት አለበት። ያጠረ ቱቦ ይበጠሳል፣ የረዘመ እየታሸ ይቀደዳል።

አንድ ነገር አደራ፦ ዘይት የሚያፈስበትን ቦታ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ አትፈልጉ። በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም ወዲያው ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነው። እኛ ካርቶን እያስጠጋን ነው ያየነው።

አመሻሽ ላይ ሞተሩን አስነስተን ክንዱን በዝግታ ደጋግመን ከፍ ዝቅ አደረግነው። መጀመሪያ ውስጡ አየር ስላለ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀስ በቀስ ረጋ። ሲሊንደሮቹ ሲሞሉ ታንከሩ ጎደለ፣ ዘይት ጨመርንበት። ነገ አፈር ልናነሳበት ነው።