የገብር ኄር ሽሮ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ፣ አደረሰን።

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ማታ ነው። ጠዋት ካህኑ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» ብለው የሰጡን ቄጤማ ቀኑን ሙሉ ራሴ ላይ ታስሮ ውሎ አሁን ጠረጴዛው ላይ ጠውልጓል። አምስት ኪሎ ሽንኩርት ልጬ፣ ከትፌ፣ ዝግ ባለ እሳት ጥጄ መጣሁ። ዓይኔ ገና ያለቅሳል፤ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ።

በየዓመቱ ለፋሲካ ሁለት መስመር እጽፍላችኋለሁ። የሰላም፣ የፍቅር፣ የመተሳሰብ በዓል ይሁንላችሁ ብዬ፣ የዶሮ ወጥ ፎቶ ለጥፌ እሄዳለሁ። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አልወርድ ካለኝ ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው። ሳልነግራችሁ አልፈስክም።

ገብር ኄር ዕለት ነው፣ የሁዳዴ ስድስተኛው እሑድ። ገብር ኄር ማለት በግእዝ ቸር አገልጋይ፣ ደግ ሎሌ ማለት ነው። የዕለቱ ወንጌልም ጌታቸው መክሊት ሰጥቷቸው ስለሄደ አገልጋዮች ነው። ሰባኪው ያን ቀን አንጀት የሚያርስ ስብከት ሰበኩ፣ በጥቂቱ ስለ መታመን። እኔ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ጥግ ላይ ቆሜ እንባ እንባ ይለኛል። ራሴን ከባለ አምስት መክሊቱ ጋር ሳልቆጥር አልቀረሁም። ዘንድሮ አንድም ቀን አላፈረስኩማ። በሥራ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዓርብ ዓርብ እስከ አሥራ አንድ።

ቤት ስደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። እንግዳ ጠርቻለሁ። በሩን ስከፍት የተቀበለኝ ያረረ ሽሮ ሽታ ነው። የቤት ሠራተኛዬ ድስቱን ይዛ ቆማለች። ልጅ ናት፣ 20 ዓመት ቢሞላት ነው። ከአፌ የወጣውን እዚህ አልደግመውም። እንግዶቼ ደረጃውን እየወጡ ስለነበር ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተሳደብኩት፤ እሱ ደግሞ ይብሳል። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ ድስቱ ላይ ውኃ ሞላችበትና እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ፣ ዛሬ ምን ተሰበከ?»

እየወጋችኝ ነበር ወይስ የምሯን? እስካሁን አልለየልኝም። እሑድ እሑድ ስመለስ የሰማሁትን እነግራታለሁ፤ ልማዳችን ነው፣ እሷ ስለማትሄድ። የማትሄደው ደግሞ እኔ ስሄድ ምሳ የሚሠራ ሰው ስለሌለ ነው። መልስ አልሰጠኋትም። «ስለ ደግ አገልጋይ» ብዬ እንዴት ልበላት?

ሃይማኖተኛ መሆን ሰውን ደግ ያደርጋል ወይ? እኛ አገር ይህ የፈላስፋ ጥያቄ አይደለም። ቤት ስናከራይ፣ ልጅ ስንድር፣ ገንዘብ ያዥ ስንቀጥር የምንጠይቀው ነው። «ጾመኛ ነው፣ አስቀዳሽ ነው» ይባላል። «ሰላቱን የማያሳልፍ ልጅ ነው» ይባላል። ዋስ መጥራት ነው እንግዲህ፤ ፈጣሪን ዋስ። እኔም በዚሁ ዋስትና ቤት ተከራይቼ አውቃለሁ። አከራዬ ኪዳን የማያመልጣቸው፣ በሰሙነ ሕማማት ሰው እንኳ የማይጨብጡ ሴት ነበሩ። ኪራይ የጨመሩብኝ በዚያው በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ቀን ነው። እጄን ሳይጨብጡ።

ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ረቡዕ ክትፎ የሚበላው፣ ቤተ ክርስቲያን የማይስመው፣ ግን ሌሊት ሰው ሲታመም መኪናውን አስነሥቶ ሆስፒታል የሚያደርሰው ጎረቤት። እኛም ሰፈር አለ፤ ለጎረቤት ደግ ሰው ነው። ለገዛ ልጁ ቀለብ ለማስቆረጥ ግን እናትየዋ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሳለች። ስለዚህ ይህን ምሳሌ አልወደውም። «እኔ የምጾመው በልቤ ነው» የሚሉኝንም እንደዚያው። ሆዳቸው እንደማይጾም አይቻለሁ፤ ልባቸው ሲጾም ግን ገና አላየሁም።

የሚገርመኝ ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ናት። ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት አሏት። ረቡዕና ዓርቡ፣ ፍልሰታው፣ የገናው ሲደመር የዓመቱ ግማሽ ያህል ጾም ነው። እንዲህ የምታስጾም ቤት ከልጅነታችን ጀምሮ ደጋግማ የተረከችልን ታሪክ ግን የጾመኛ አይደለም። የበላዔ ሰብ ነው። 78 ሰው የበላ ሰው! ለተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ያቺ ጥርኝ ውኃ 78ቱን ነፍስ አልፋ ሚዛን ደፋች። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት በመጣች ቁጥር እንሰማዋለን። ልጅ ሳለሁ ታሪኩ ያናድደኝ ነበር። የተበሉት ሰዎችስ? አያቴን ጠየቅኳት። «ውኃው ላንቺ ጥርኝ ነው፤ ለተጠማው ግን ባሕር ነው» አለችኝ። ስለተበሉት ዛሬም መልስ አላገኘሁም።

ይህችው አያቴ በሁዳዴ ቁርስ ባልበላችበት ቀን ሁሉ እፍኝ እህል እየዘገነች አንዲት ማሰሮ ውስጥ ታጠራቅም ነበር። ሆሳዕና ሲደርስ ማሰሮዋ ትሞላለች፤ ከዚያ ባዶዋን እናገኛታለን። ለማን እንደምትሰጠው አናውቅም። በጨለማ ነበር የምትወስደው። ዘንድሮ የእኔ ጾም ምን አጠራቀመ ብዬ ሒሳቡን ሞከርኩት። የጾም በርገር አለ፣ የጾም ኬክ አለ፣ የጾም ማኪያቶ አለ። አቮካዶው፣ ለውዙ፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሲጨመር፣ ሁዳዴ ከፍስክ ወራት ይልቅ አስወጣኝ። የረሃቤ ገንዘብ ለድኻ ሳይሆን ለካፌ ሆኗል።

በ2016 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፣ መጋቢት 2። የአክስቴ ልጅ ያኔ ጂዳ፣ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እሷ የሁዳዴ ጾመኛ፣ አሠሪዎቿ የረመዳን ጾመኛ። ለኢፍጣር ከቀትር ጀምራ ምድጃ ሥር ትቆማለች፤ ለሱሁር ሌሊት ትነሣለች። የሠራችውን ሥጋ አትቀምስም። «ቤቱ ሙሉ ጾመኛ ነው፤ እንቅልፍ የጾምኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ» ትለኝ ነበር በስልክ፣ እየሳቀች። ክፉዎች አልነበሩም። አሮጊቷ የቤቱ እናት ማዕድ ከመቅረቡ በፊት የእሷን የጾም ምግብ ለብቻ ታስነሣላት ነበር። ልጆቿ ግን ስሟን እንኳ አስተካክለው አይጠሯትም። ያው ቤት ነው፣ ያው ጾም ነው፣ የሚያፈጥሩትም በአንድ አዛን ነው። ለአሮጊቷ የሠራው ጾም ለልጆቿ ለምን አልሠራም? ምናልባት አሮጊቷ ድሮም እንዲያው ነበሩ ይሆናል። ወይም ከእነሱ ይልቅ ብዙ ረመዳን ጾመው ይሆናል።

ወደ ሽሮው ልመለስ። ሦስት ሳምንት አስቤበት የደረስኩበት ብዙ አይደለም። ጾሙ ደግ አላደረገኝም። ቢያደርገኝማ ያ ሁሉ ስድብ ከየት መጣ? ነገር ግን ባልጾም፣ ባላስቀድስ ኖሮ ያቺ ልጅ የምትይዘኝበት አልነበራትም። «ዛሬ ምን ተሰበከ?» ተብሎ የሚጠየቀው ስብከት ሰምቶ የመጣ ሰው ነው። ደመወዝ የምትከፍላትን ሴት በምን ትሞግታታለች? ሕጉ ሩቅ ነው፤ እናቷም ሩቅ ናት። ቅርብ ያለው የእኔ ነጠላ ነው። ለብሼው ስወጣ ሳላውቀው ጫፉን ለእሷ ሰጥቼ ኖሯል። እኔም ያኔ አከራዬን በነጠላቸው ጫፍ መያዝ ነበረብኝ። «እማማ፣ ዛሬ ምን ተነበበ?» ብላቸው ምን ይሉኝ ነበር? አልደፈርኩም። ልጅቷ ከእኔ ትደፍራለች።

ከዚያ ወዲህ እሑድን እየተፈራረቅን ነው። ኒቆዲሞስን እሷ ሄደች፣ ሆሳዕናን እኔ። ደግ ሆንኩ እያልኳችሁ አይደለም፤ የኒቆዲሞስ ዕለት ምሳውን የሠራሁት ሳጉረመርም ነው። ስትመለስ «ምን ተሰበከ?» አልኳት። ማይኩ ተበላሽቶ ምንም አልሰማሁም አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ለበዓሉ አገሯ ገባች። ሽንኩርቱ የእኔ የሆነው ለዚህ ነው። ዶሮው 12 ብልት ይወጣዋል። ፈረሰኛው ለአባወራው ነው፤ ክንፍና አንገቱ እስከ አምና ድረስ ለማን ይደርስ እንደነበር አትጠይቁኝ።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ በተለይ ሰው ቤት ሆናችሁ የሌላ ሰው በዓል የምታበስሉ እኅቶቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ያልጾማችሁትም እንኳን አደረሳችሁ። በዓሉ የእናንተ ያልሆነ ጎረቤቶቼ፣ ነገ ከሰዓት ቡና አለ፤ ብቅ በሉ።

ይህን እየጻፍኩ ደወለች። እንኳን አደረስዎት አለችኝ። ወዲያው የጠየቀችኝ ስለ ሽንኩርቱ ነው። «እትዬ፣ ውኃውን ሳይጨርስ በርበሬውን እንዳያስገቡ። ከሥሩ ያማስሉት፣ አለዚያ ያርርብዎታል።» «ያርርብዎታል» ስትል የሳቀች መሰለኝ።

ልነሣ፤ ሽታ ሽታ እያለኝ ነው።