ታናሿን ማን ያምጣት?

ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ እኔና ባለቤቴ ያልተስማማንበት ነገር አለ። የ13 ዓመቱ ልጃችን የ7 ዓመት እህቱን ከትምህርት ቤት ያምጣት ወይስ አያምጣት? ባለቤቴ ያምጣት ባይ ነው። እኔ አመነታለሁ። ልጆቹ ተኝተዋል፤ ጽፌ ልየው።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሰዓቱን ብቻ ላየ ነገሩ ሆን ተብሎ ለእኛ የተዘጋጀ ይመስላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ እንደ ልጃችን ያሉ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች በአገራችን አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ ይለቀቃሉ። የአንደኛ ደረጃ ልጆች ግን እንደየትምህርት ቤቱ 9 ሰዓት ከ25 ወይም 9 ሰዓት ከ50 ነው የሚወጡት። የእኛዋ 9 ከ50 ነች። እኔ ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ነው። ባለቤቴ ኡበር ስለሚነዳ ያን ሰዓት የት እንደሚሆን አይታወቅም። አውቶቡስ እንዳንል ደግሞ ቤታችን ቅርብ ነው፤ ለአንደኛ ደረጃ ልጅ የሚመደበው ከ1 ማይል በላይ ለሚርቅ ነው። ከትምህርት በኋላ የሚያቆዩበት ቦታ አለ፤ ክፍያው በወር በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። እስካሁን እሱን እየከፈልን ነው።

መጀመሪያ የፈራሁት ሕጉን ነው። እዚህ አገር የመጣ አበሻ ሁሉ «ልጅ ይወስዱብሻል» ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ ፈልጌ አነበብኩ። በሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ጠባቂ ሳይኖረው አይተውም። ጠባቂው ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው፣ የሚታመን ሰው መሆን አለበት። ልጃችን በዚህ በኩል አልፏል። ሕጉ የሚያወራው ግን ስለ ቤትና ስለ መኪና ነው፤ በእግር ስለ መሄድ አያነሳም። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ያ ሁሉ ክርክር የተነሳውም በዚህ የተነሳ ነው። የ10 እና የ6 ዓመት ወንድምና እህት ከመናፈሻ ወደ ቤታቸው ብቻቸውን ሲሄዱ ፖሊስ አስቆማቸው። በሌላ ጊዜ እንደገና ተይዘው እስከ ማታ ድረስ ለወላጆቻቸው አልተሰጡም። አገር ምድሩ ተነጋገረበት። በመጨረሻ ወላጆቹ ጥፋተኛ አልተባሉም፤ የግዛቱ መሥሪያ ቤትም ልጅ ያለ አዋቂ መንገድ ላይ ስለታየ ብቻ ቸልተኝነት እንደማይባል፣ ጉዳት ወይም ከባድ አደጋ መኖር እንዳለበት አብራራ። ይህን ካነበብኩ በኋላ የሕጉ ፍርሃት ቀለል አለኝ። ሌላው ግን አልቀለለኝም።

አዲስ አበባ ለምትኖረው እናቴ ስነግራት ጭንቀቴ አልገባትም። «ታላቅ እኮ ለዚህ ነው! እናንተን ማን አመጣችሁ?» አለችኝ።

እኛን ያመጣችን ታላቅ እህቴ እትዬ ነች። ያደግነው ሽሮ ሜዳ ነው፤ የምንማረው ስድስት ኪሎ አካባቢ። ትምህርት በፈረቃ ነበር። እትዬ የጠዋት ፈረቃ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ የከሰዓት። ያኔ 9ኛ ክፍል ነበረች። እኩለ ቀን ላይ ወጥታ ቤት ትገባለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ለራት የሚሆነውን ትጥዳለች፣ ከዚያ መልሳ ቁልቁል ወርዳ እኛ ስንለቀቅ በሩ ላይ ትቆማለች። ዳገቱን አብረን እንወጣለን። ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ከእንጦጦ ሲወርዱ ሁለታችንንም ወደ ዳር ሰብስባ ታሳልፋቸዋለች። አንዳንዴ ቆሎ ትገዛልናለች። ማን እንደመታን፣ መምህሩ ምን እንዳለን የምትሰማው እሷ ነበረች። የሱቅ ታፔላ ማንበብ ያስለመደችኝም እሷ ነች። ከእናቴ በፊት የክፍሌን ወሬ የምታውቀው እትዬ ነበረች፤ እስከ ዛሬም የቅርቤ ሰው ናት። ይህን ለልጆቼ እመኝላቸዋለሁ። አንድ ታላቅ ወንድም የእህቱን መምህር በስም ቢያውቅ፣ ያስከፋትን ልጅ ቢያውቅ፣ ይህ በገንዘብ የሚገኝ አይደለም።

ግን እትዬ ብቻዋን አልነበረችም። ባለሱቁ የማን ልጆች እንደሆንን ያውቃል። ሊስትሮዎቹ ያውቁናል። ዝናብ ቢጥል የምንጠለልበት በር ብዙ ነው። እዚህ ልጄ የሚሻገረው ጆርጂያ አቬኑን ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ መኪናው አያባራም። ትምህርት ቤቱ አጠገብ አሻጋሪ አለች፣ እግዜር ይስጣት። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግን ሰው የለበትም። መኪና ብቻ ነው።

ቅዳሜ እትዬ ጋ ደወልኩ። «ያኔ እኛን ማመላለስ ይከብድሽ ነበር?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «እናንተን አይደለም የከበደኝ» አለች። «ጓደኞቼ ከሰዓት አብረው ያጠኑ ነበር። እኔ አንድም ቀን አልሄድኩም። ማንም አትሂጂ አላለኝም። ትሄጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም።»

ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ይህ ነው። ጥያቄያችንን ሁሉ ያዞርነው በታናሿ ዙሪያ ነበር። ትደርሳለች ወይ፣ ትጠበቃለች ወይ፣ ሕጉ ይፈቅዳል ወይ። የታላቁ ከሰዓት የማን ነው ብሎ ያነሳ አልነበረም። በማውቃቸው ብዙ ቤቶች ታላቋ ሴት ከሆነች ጭራሽ ውይይትም የለም፤ ቦርሳዋን ሳታወርድ ታናናሾቿን ትቀበላለች። እህቱን አልፎ አልፎ የሚያመጣ ወንድምና በየቀኑ የሚጠበቅ ሞግዚት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን እፈልገዋለሁ። ሁለተኛውን በ13 ዓመት ልጅ ላይ መጫን አልፈልግም፣ ገንዘቡ ቢያንገበግበኝም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጃችንን ቁጭ አድርገን ጠየቅነው። ወዲያው እሺ አላለም፣ ደስ አለኝ። «ሄጄ ባጣትስ?» አለ። «ወድቃ ብትጎዳ መጀመሪያ ለማን ነው የምደውለው?» አለ። ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። እንዲህ የሚጠይቅ ልጅ ክብደቱ ገብቶታል። ቀጥሎ ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ ኳስ እንዳለው፣ እሱን መተው እንደማይፈልግ ነገረን። አባቱ «ኳሱ ይቆይ» ሊል ሲል እኔ ቀደምኩ።

የተስማማነው ይህን ነው። ሰኞና ረቡዕ እሱ ያመጣታል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባለቤቴ ሰኞ ሰኞ ሥራውን አቁሞ ከኋላ ከኋላቸው ይሄዳል። ለትምህርት ቤቱ ማን እንደሚወስዳት በጽሑፍ እናሳውቃለን። ቤት ሲገቡ እሱ ይደውልልኛል፤ ምድጃ አይነካም። ፈተና ያለበት ሳምንት አይቆጠርም፣ ምክንያት ሳይደረድር «ዛሬ አልችልም» ማለት ይችላል። ማክሰኞና ሐሙስ የምንከፍልበት ቦታ ትቆያለች፤ ለሁለት ቀን ብቻ ይቀበሉን እንደሆነ ነገ እጠይቃለሁ። በሚቀጥለው ዓመት እሱ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሚለቀቅ፣ እሷን ለመጠበቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ያባክናል። ያኔ እንደገና እንነጋገራለን።

ዓርብ ገና ሰው አላገኘንለትም። ጎረቤታችን የሚካኤል ማኅበርተኛችን ናት፤ የእሷም ልጅ እዚያው ይማራል። ዓርብ እሷ ሁለቱንም ብታመጣልኝ፣ ቅዳሜ እኔ ልጇን ልይዝላት አስቤያለሁ። ጠዋት እደውልላታለሁ።