ሦስት ዓመት በማሙሽ ሲቆጠር

የአክስቴ ልጅ ማሙሽ ከአዲስ አበባ የመጣው በ2024 ነው፤ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛው ቤት ነው ያረፈው። ስድስተኛ ክፍል ገባ። አገር ቤት እያለ በሒሳብ የሚስተካከለው አልነበረም። እዚህ የመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ላይ ከመቶ 40 አመጣ። ወረቀቱን ማታ አብረን አየነው። ቁጥር ብቻ ያለባቸውን ጥያቄዎች አንድም አልሳተም። የሳተው በቃላት የተጻፉትን ነው። ስሌቱ መቼ አቃተው፣ እንግሊዝኛው እንጂ።

አስተማሪዋን ላናግር ሄድኩ። ደግ ሴት ናት። «ከኢሶል አስተማሪው ጋር ቁጭ ብለን ብንመክርበት እወድ ነበር፤ ግን እሱ ክፍተት ሲኖረው እኔ አስተምራለሁ፣ እኔ ሲኖረኝ እሱ ያስተምራል» አለችኝ። ኢሶል ማለት አፍ መፍቻቸው እንግሊዝኛ ላልሆነ ልጆች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው። ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ ነው ስለ ማሙሽ የሚነጋገሩት። ይሄ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ።

እኔ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በዚያ ተርም የፖለቲካ ሳይንስ መምህራችን አንድ አንድ ረቂቅ ሕግ መርጠን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድንከታተል አዘዘን። የሜሪላንድ ምክር ቤት የሚሰበሰበው በዓመት 90 ቀን ብቻ ነው። በ2025 ከጃንዋሪ 8 እስከ ኤፕሪል 7 ነበር። በዚያች ጊዜ ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ረቂቅ ይቀርባል። ዝርዝሩን ስበረብር ኤችቢ 504 ላይ፣ ማለትም የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቅ ቁጥር 504 ላይ ደረስኩ። ገዥው ዌስ ሙር ያቀረቡት የትምህርት ሕግ ነው። ውስጡ አስተማሪዎች አብረው የሚሠሩበትን ጊዜ የሚመለከት ክፍል አለው። ሌላ መምረጥ አላስፈለገኝም።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። በ2016 በዊልያም ከርዋን የሚመራ ኮሚሽን ተቋቁሞ የሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች ምን እንደሚጎድላቸው አጠና። ከዚያ ጥናት በ2020 ብሉፕሪንት የሚባለው ሕግ ወጣ። የዚያን ጊዜው ገዥ ላሪ ሆጋን ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብለው ውድቅ አደረጉት። ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 2021 እንደገና ድምፅ ሰጥቶ ያለ እሳቸው ፊርማ አጸደቀው። የአስተማሪ መነሻ ደመወዝ በ2026 ወደ 60 ሺህ ዶላር እንዲደርስ ያዛል። ለእኔ ትልቁ ግን ይሄ ነው፦ አስተማሪ ከሥራ ሰዓቱ 60 በመቶውን ክፍል ውስጥ ያሳልፋል፤ ቀሪው 40 በመቶ ለዝግጅት፣ ልጆችን ለብቻ ለመርዳትና ከባልደረባ ጋር ለመምከር ይሆናል። የማሙሽ አስተማሪዎች ያጡት ሰዓት ሕግ ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው። ይሄ ሰዓት ቀስ በቀስ ሊጀመር የታሰበው በ2025 ነበር። የሙር ረቂቅ ግን ለ4 ዓመት ይቆይ ይላል።

ፌብሩዋሪ ላይ ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ፣ ወደ አናፖሊስ ሄድኩ። መኪናዬን ስታዲየሙ ጋ አቁሜ በአውቶቡስ ገባሁ። ስቴት ሃውስ የሚሉት ሕንፃ በአሜሪካ እስከ ዛሬ ምክር ቤት ከሚሰበሰብባቸው ሁሉ የቀደመው ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1783 የጦር አዛዥነታቸውን ያስረከቡት እዚያው ውስጥ ነው። እኔን ያቆመኝ ግን ደጅ ያለው የጥቁሮች መብት ጠበቃው የተርጉድ ማርሻል ሐውልት ነው። ፊት ለፊቱ አግዳሚ ላይ ዶናልድ መሪ ተቀምጧል፤ ጥቁር በመሆኑ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አልቀበልም ያለው፣ ማርሻል በፍርድ ቤት ያስገባው ተማሪ። ሌላው አግዳሚ ላይ ሁለት የነሐስ ልጆች አሉ። ብርድ ነበር፤ ቢሆንም ልጆቹ አጠገብ ትንሽ ቁጭ አልኩ።

ምክር ቤቱ ተወካዮችና ሴኔት የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት። በተወካዮቹ በኩል ትምህርትን የሚያየው ኮሚቴ ታክስንም ሎተሪንም ቁማርንም የሚያይ ነው። መጀመሪያ ገረመኝ። በኋላ ሳስበው፣ የካዚኖዎቹ ገቢ የተወሰነው ለትምህርት ፈንድ ነው የሚሄደው። ስለ ልጅ ለማውራት ስለ ገንዘብ ማውራት ግድ ነው።

ሂሪንጉ፣ ማለትም ሰዎች ስለ ረቂቁ ለኮሚቴው የሚናገሩበት ስብሰባ፣ ረጅም ነበር። ለተናጋሪ የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሰዓቱ ከፊትህ ወደ ታች ይቆጥራል። የመንግሥት ሰዎች መጡ፣ የትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች፣ የመምህራን ማኅበር። ይቆይ የሚሉትም ምክንያት አላቸው። ግዛቱ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የበጀት ጉድለት ነበረበት። አስተማሪ ከክፍል ሲወጣ ሌላ አስተማሪ መግባት አለበት፤ እሱ ደግሞ የለም። እውነታቸውን ነው፤ ሳዳምጥ ልቤ ተከፈለ። ግን አንዲት አስተማሪ ስትናገር ደነገጥኩ። ማስታወሻ የምትለዋወጠው ኮፒ ማሽኑ ጋ ቆማ እንደሆነ ተናገረች። የእኛ ቤት ታሪክ እኮ ነው! ሌላ ከተማ፣ ሌላ ትምህርት ቤት፣ ያው ኮሪደር።

አዳራሹን ዞሬ አየሁ። ልጇ ኢሶል ክፍል ያለች የምትመስል እናት አላየሁም። የሥራ ቀን ነው፣ ከምሳ በኋላ ነው። እናቴ አረጋውያን ማቆያ ሌሊት ትሠራለች፤ በዚያ ሰዓት ተኝታለች። አክስቴ መጋዘን ውስጥ ቆማለች። ለመናገር ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ በኢንተርኔት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ መመዝገቢያው ሰዓት አለው፣ ካለፈ አለፈ። ይህን ሳላውቅ ነበር የሄድኩት። የምለው እያለኝ አፌን ዘግቼ ተመለስኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከሂሪንጉ በኋላ ያለው ነገር ለተመልካች ከባድ ነው። ብዙ ረቂቅ ማንም ሳይቃወመው ይሞታል፤ የኮሚቴው ሊቀመንበር ለድምፅ ካላቀረበው መሳቢያ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። በየምክር ቤቱ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ ቀን ይነበባል። የመጀመሪያው ንባብ ርዕሱን መጥራት ብቻ ነው። ለሦስተኛው ንባብ ጋለሪው ላይ ነበርኩ። 141 ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ አረንጓዴና ቀይ መብራት በራ፤ ወዲያው አለቀ። የሳምንታት ክርክሩ ኮሚቴ ውስጥ፣ ማሻሻያው ላይ አልቋል። የትምህርት ሕግ የሚከታተል ሰው ማሻሻያውን ያንብብ። ከእያንዳንዱ ረቂቅ ጋር የሚወጣ የወጪ ትንተናም አለ፣ እሱንም። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ተወካዮቹ መዘግየቱ እንዲያጥር ፈለጉ። ሴኔቱ ወደ ገዥው ሐሳብ አዘነበለ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ተደራድረው 3 ዓመት ላይ ተስማሙ። ዜናው «ስምምነት ተደረሰ» ይላል። ደስ ሊለኝ ይገባ ይሆናል፤ 3 ከ4 ይሻላል። ግን ቁጭ ብዬ በማሙሽ ቆጠርኩት። ሰባተኛ፣ ስምንተኛ፣ ዘጠነኛ። ሰዓቱ መሰጠት ሲጀምር አሥረኛ ክፍል ይገባል። እንግሊዝኛ የሚለምድባቸው፣ ሒሳብ ወይ የሚወደድባቸው ወይ የሚጠላባቸው ዓመታት በሙሉ ያልፋሉ። በጀት ላይ 3 ዓመት አጭር ነው። ለእሱ የመካከለኛ ትምህርት ቤት ቀሪውና የሃይስኩል መጀመሪያው ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ከሥራ ገባች። ሻይ አፍልቼ ነገርኳት። ጫማዋን ሳታወልቅ ሰማችኝ።

«ታዲያ ሲወስኑ ከእኛ ማንም አልነበረም?»

«እኔ ነበርኩ፤ አልተናገርኩም እንጂ።»

«ለምን?»

«መመዝገብ ነበረብኝ፤ አላወቅኩም።»

ዝም አለች። ሻይዋን ሁለቴ ፉት አለች። ከዚያ ወንበሩን ወደ ላፕቶፑ ሳበችና «ምዝገባው አሁን ክፍት ነው?» አለችኝ። ለጃንዋሪ ገና መሆኑን፣ አካውንቱን ግን ዛሬም መክፈት እንደሚቻል ነገርኳት። መነጽሯን አደረገች። ስሟን በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል መጻፍ ጀመረች። ማሙሽ ቦርሳውን አንግቶ ትከሻዋ ላይ ተደግፎ ያያል። «እትዬ፣ እዚህ ጋ አንድ ፊደል ዘለልሽ» አላት፣ በእንግሊዝኛ።