128 ላይ ጸጥ ያለ ላፕቶፕ፦ የ«ጠጭ ጠጭ» ፍለጋ እና የሶፍትዌር ግዢ ማስታወሻ

ሙዚቃ የምቀርጽበት ላፕቶፕ በመጨረሻ ጸጥ አለ። 22 ትራክ፣ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ ቡፈር (የድምፅ መጠባበቂያው) 128፣ በዚያ ላይ ክራር በማይክ እየተቀረጸ፣ 40 ደቂቃ ሙሉ አንድም «ጠጭ» የለም። ዕቃው ያው የድሮው ነው፤ ኮር አይ 5 8350 ዩ፣ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ዊንዶውስ 11፣ ሁለት መግቢያ ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ፣ ዳው (የሙዚቃ መቅረጫና ማቀናበሪያ ፕሮግራም) ደግሞ ሪፐር። በዚሁ ዕቃ 512 ላይ እንኳ ድምፁ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣ ነበር። የተለወጠው ሴቲንግ ብቻ ነው፤ አምስት ሳንቲም አልወጣበትም። «አዲስ ላፕቶፕ ግዛ» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሳይለካ ከሚመክር ሰው ነው።

ስለ ዕቃው በአጭሩ ልለፍ። ዩዝድ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ከላይ ከተለጠፈው ስም ይልቅ የፕሮሰሰሩን ትውልድ ያንብብ። ስማቸው በ«ዩ» ከሚያልቁ ቺፖች 7ኛው ትውልድ ኮር አይ 5 ባለ 2 ኮር ነው፤ 8ኛው ባለ 4። ሻጩ ዘንድ ሁለቱም «ኮር አይ 5» ናቸው፤ ሥራ ላይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለውም ከ8ኛው ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ድምፅ ብቻ ለሚቀርጽ 8 ጊጋ ራም ያደርሳል፤ የናሙና ላይብረሪ (የተቀረጹ የመሣሪያ ድምፆች ስብስብ) ለሚጭን 16 ይሁን። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ይሁን የሚነቀል ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። ላይብረሪን ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ለማጫወት መታገል ግን ይቅርባችሁ። ስለ ዕቃው ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

አሁን ወደ ጣጣው። መጀመሪያ የድምፁን ዓይነት ለዩ። የማያቋርጥ «ዝዝዝ» ከሆነ የኮምፒውተር ፍጥነት ጉዳይ አይደለም። ቻርጀሩን ንቀሉና ስሙ፤ ከጠፋ ችግሩ ከመሬት ሽቦ ነው፤ ባለ ሁለት እግር ቻርጀርና መሬት የሌለው ሶኬት ናቸው ተጠያቂዎቹ። ይህን ቡፈር በመጨመር ሊፈታ የሚሞክር ሰው ዕድሜውን ይጨርሳል። ድምፁ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ «ጠጭ… ጠጭ ጠጭ» ከሆነ ግን ቀጥሎ ያለው ለእናንተ ነው።

ቡፈር ማለት ጀሪካን ነው። ሳውንድ ካርዱ ሳያቋርጥ ይጠጣል፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ጀሪካኑ ባዶ ከመሆኑ በፊት ሌላ ሞልቶ ማቅረብ አለበት። 48 ኪሎ ኸርዝ ማለት በሰከንድ 48,000 ሳምፕል (የድምፅ ልኬት) ነው፤ ስለዚህ 128 ሳምፕል 2.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። 256 ሲሆን 5.3፣ 512 ሲሆን 10.7፣ 1024 ሲሆን 21.3። ፕሮሰሰሩ አንዲት ጊዜ እንኳ በ2.7 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ካልደረሰ «ጠጭ» ይላል። ታስክ ማናጀር 30 በመቶ እያሳየ ድምፁ የሚንጣጣውም ለዚህ ነው። ታስክ ማናጀር የሚያሳየው አማካይ ነው፤ እኛን የሚገድለን ግን አንዷ የዘገየች ጀሪካን ናት።

ማን አዘገያት? አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ደክሞ ሳይሆን ወረፋ የሚያቋርጥ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ስላለ ነው። ዊንዶውስ ለዋይፋይ፣ ለብሉቱዝ፣ ለግራፊክስና ለባትሪ ድራይቨሮች ከተራ ፕሮግራም ሁሉ ቅድሚያ ይሰጣል፤ የእነሱ ሥራ ዲፒሲ ይባላል። ከመካከላቸው አንዱ ኮሩን ለ3 ሚሊ ሰከንድ ከያዘ ዳው ቆሞ ይጠብቃል። ፕሮሰሰሩ አይ 7 ቢሆንም ያው ይጠብቃል።

ይህን የሚለካው ሌተንሲሞን የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ለቤት አገልግሎት ነጻ ነው። ያስጀምሩትና ዳውን ከፍተው ፕሮጀክት እያጫወቱ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይተዉታል። ከዚያ «ድራይቨርስ» የሚለውን ገጽ ከፍቶ በከፍተኛው የሥራ ጊዜ መደርደር ነው። ኤንዲአይኤስ ከላይ ከወጣ ኔትወርክ ነው። ኤሲፒአይ ከወጣ የኃይልና የባትሪ ጉዳይ ነው። ደብሊውዲኤፍ 01000 የሚል ከወጣ አትቸኩሉ፤ እሱ ሌሎች ድራይቨሮች ከሥሩ የሚሠሩበት ጣሪያ ስለሆነ ስሙ ብቻውን ማንንም አያስፈርድም። ከፍተኛው ቁጥር ከ500 ማይክሮ ሰከንድ በታች ከሆነ 128 ላይ መሥራት ይቻላል። 2000 ካለፈ ከ2667ቱ (የ128ቱ 2.7 ሚሊ ሰከንድ በማይክሮ ሰከንድ) ለዳው የቀረው ምን እንደሆነ ራሳችሁ አስሉት።

ከዚያ ዲቫይስ ማናጀር ገብቶ አንድ በአንድ ማጥፋት ነው፦ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ካሜራ፣ ባትሪ። በእያንዳንዱ 5 ደቂቃ መለካት። እዚህ ላይ ንስሐ አለ። የመጀመሪያው ዙር ሙሉ በሙሉ ከንቱ ነበር፤ ምክንያቱም ዋይፋዩና የኃይል ሴቲንጉ በአንድ ጊዜ ተቀይረው ቁጥሩ ሲወርድ የትኛው እንዳወረደው አልታወቀም። ሁሉም ወደነበረበት ተመልሶ እንደገና ከዜሮ ተጀመረ። አንድ ለውጥ፣ አንድ ልኬት፣ በወረቀት ላይ። አሰልቺ ነው፣ ግን አቋራጭ የለውም።

ሁለተኛው ዙር ያወጣቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው ዋይፋይ ነበር፤ ሲበራ 3100፣ ሲጠፋ 640 ማይክሮ ሰከንድ። ከላፕቶፑ አምራች ገጽ የወረደ ድራይቨር ዊንዶውስ አፕዴት ከሰጠው ይሻል ነበር፤ ያም ሆኖ ሲቀረጽ ኤርፕሌን ሞድ ማድረግን የሚያህል የለም። ሁለተኛው ባትሪው ነው፤ በየጥቂት ሰከንዱ «ስንት በመቶ ቀረህ?» ብሎ የሚጠይቀው ድራይቨር ሲጠፋ ቁጥሩ ወደ 310 ወረደ። ግን ይህኛው ዋጋ አለው። የባትሪው መሣሪያ ሲጠፋ የቻርጅ ምልክቱ አብሮ ይጠፋል። መብራት ቢሄድ ላፕቶፑ በባትሪ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ሆኖም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ድርግም ይላል። ስለዚህ ለቀረጻው ሰዓት ብቻ አጥፉት፣ በየትራኩ መሐል ኮንትሮል ኤስ በሉ፣ ስትጨርሱ መልሱት።

የኃይል ሴቲንግ ቀላሉ ነው፦ ሃይ ፐርፎርማንስ፣ የፕሮሰሰሩ ዝቅተኛ መጠን ቻርጀር ላይ 100 በመቶ፣ የዩኤስቢ ሰለክቲቭ ሰስፔንድ ጠፍቶ። ከቻርጀር ሲነቀል ላፕቶፑ ራሱን ስለሚቆጥብ ቡፈሩን ወደ 256 ወይም 512 ከፍ አድርጎ መጠበቅ ነው። አንድ በየቦታው የሚዞር ምክር ግን ይብቃው፦ «ከፍተኛውን 99 በመቶ አድርግ፣ ተርቦ ይጠፋና ኮምፒውተሩ አይግልም»። በትልቅ የጌም ላፕቶፕ ላይ ያስኬድ ይሆናል። 8350 ዩ ግን መነሻው 1.7 ጊጋ ኸርዝ፣ ተርቦው (ሲያስፈልግ የሚፈጥንበት) እስከ 3.6 ነው። ተርቦውን ስታጠፉ ከግማሽ በላይ ኃይሉን ጣላችሁ ማለት ነው። ከጋለ አቧራውን አስጠርጉ፣ ፔስቱን አስቀይሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚንጣጣ ፕሮጀክት ካለ ጥፋቱ ከዳው ውስጥ ነው። አንድ ትራክ ላይ የተደረደሩ ፕለጊኖች (ዳው ውስጥ የሚጨመሩ የድምፅ ማስተካከያና የመሣሪያ ፕሮግራሞች) በሰልፍ የሚሠሩ ስለሆኑ በአብዛኛው አንድ ኮር ላይ ይወድቃሉ። 4 ኮር ኖሮ ሦስቱ ተቀምጠው አንዱ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ሪፐር ላይ ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ፒ ስትጫኑ የሚከፈተው ፐርፎርማንስ ሜትር የትኛው ትራክ ስንት እንደሚበላ ለየብቻ ያሳያል። ከበድ ያለውን ትራክ ፍሪዝ አድርጉ (ውጤቱ እንደ ድምፅ ፋይል ይቀመጣል)፤ ፕለጊኖቹ ከሥራ ይወጣሉ፣ ስትፈልጉ ይመለሳሉ። እንደ ዲቫ ያሉ ከባድ ሲንቶች (ድምፅ አመንጪ ፕለጊኖች) የጥራት መምረጫ አላቸው፤ ስታቀናብሩ ዝቅ፣ በመጨረሻው ሬንደር ላይ ከፍ አድርጉት። ሪፐር ለሪከርድ ያልተከፈቱ ትራኮችን ቀደም ብሎ ያሰላል፤ ለሪከርድ የተከፈተ ትራክ ግን ቀድሞ መሰላት ስለማይችል የቡፈሩ ባሪያ ነው። ስለዚህ በምትቀርጹት ትራክ ላይ ከባድ ነገር አትደርድሩ።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ጉድ ደግሞ አለ፤ ቡፈሩ 64 ሆኖም ድምፁ ዘግይቶ የሚሰማበት። ማስተር ትራክ (ሁሉም ትራክ የሚያልፍበት) ላይ ያለ ሊኒየር ፌዝ ኢኪው (የድምፅ ቀለም ማስተካከያ) ወይም ወደፊት የሚያይ ሊሚተር (ድምፅ ከልክ እንዳያልፍ የሚገድብ) ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ፕለጊን 4096 ሳምፕል ቢያዘገይ 85 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ዳው ሌላውን ሁሉ ከእሱ ጋር ለማስተካከል ሲል ይጎትተዋል። ሪፐር ይህን በፕለጊኑ መስኮት ግርጌ በሳምፕል ቁጥር ይጽፈዋል። እየቀረጻችሁ ማስተሩ ባዶ ይሁን። ሚክስ እያደረጉ ማስተር፣ ማስተር እያደረጉ ቀረጻ የሚሉት ፈሊጥ ለላፕቶፕም ለጆሮም አይበጅም።

ደግሞስ ዝቅ ማድረግ እስከ የት? በአየር ውስጥ ድምፅ 1 ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። 128 ላይ ደርሶ መልሱ (ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ) ከሳውንድ ካርዱ የራሱ መዘግየት ጋር 9 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ከስፒከር 3 ሜትር ርቆ እንደመጫወት ነው። ለክራርና ለኪቦርድ ይሄዳል። ዘፋኝ በኸድፎን የራሱን ድምፅ ሲሰማ ግን ያንገሸግሸዋል፤ ለእሱ የሳውንድ ካርዱን ዳይሬክት ሞኒተር (ድምፁን በኮምፒውተሩ ሳያሳልፍ ወደ ኸድፎን የሚልከውን) አብሩለት፣ ያኔ ቡፈሩ 1024 ቢሆንም ግድ የለም። 64 ላይ ለመድረስ መጋደል ጉራ ነው። 96 ኪሎ ኸርዝም ለቤት ሥራ ትርፉ ጥቂት ነው፤ የፕሮሰሰሩን ሸክም እጥፍ ያደርገዋል። የሳውንድ ካርዱ የራሱ ኤሲዮ ድራይቨር (ዳውን ከካርዱ ጋር በፍጥነት የሚያገናኝ) እያለ ኤሲዮ ፎር ኦል የሚጭኑም አሉ፤ እሱ የራሱ ድራይቨር ለሌለው ካርድ የተሠራ መጠገኛ ነው።

ስለ ግዢ። እኔ ወርሃዊ ክፍያን እቃወማለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ወርሃዊ ሒሳብ በብር ስንት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ ያስቸግራል፤ ካርዱ አንድ ወር ካልሠራም ፕሮጀክታችሁ ይቆለፋል። አንዴ ከፍሎ መገላገል ነው። ሪፐር ለግለሰብና ለአነስተኛ ገቢ 60 ዶላር ነው፤ ከሙዚቃው በዓመት ከ20,000 ዶላር በላይ ለሚያስገባ 225። የድሮውን የሙዚቃ ማጫወቻ ዊናምፕን የሠራው ሰው ነው ያመጣው፤ ቅልጥፍናውም ያስታውሰዋል። 60 ቀን ምንም ሳይቆለፍ ይሞከራል፣ ፈቃዱ ፋይል ስለሆነ ኢንተርኔት በሌለበትም ይገባል፣ 7ኛውን ሥሪት የገዛ እስከ 8ኛው መጨረሻ ድረስ ይጠቀማል። መልኩ አያምርም፤ እሱ እውነት ነው።

ቢት የሚሠራ ሰው ግን ኤፍኤል ስቱዲዮ የተባለውን ዳው ይግዛ፤ አንዴ የተገዛ ዕድሜ ልክ በነጻ ይታደሳል። ድምፅ ለመቅረጽ ከፕሮዲዩሰር ኤዲሽን በታች አትውረዱ። የሙከራው ሥሪት ሴቭ ያደርጋል፣ ሴቭ የተደረገውን ግን ሳትገዙ መልሶ አይከፍትም፤ ይህን ሳያውቅ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ጠዋት የሚያለቅስ አይጠፋም። አዲስ ሳውንድ ካርድ ወይም ሚዲ ኪቦርድ የገዛችሁ ደግሞ ካርቶኑን ፈትሹ፤ ኤብልተን ላይቭ ላይት የተባለው ዳው ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል፣ እስከ 16 ትራክ ይፈቅዳል። ዩዝድ ከሆነ ኮዱ ተበልቶ ይሆናል። ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ሲከፍልላችሁ አካውንቱ የሚከፈተው በእናንተ ኢሜይል ይሁን፤ በእሱ ከተከፈተ ላፕቶፕ በቀየራችሁ ቁጥር ዋሽንግተን ወይም ዱባይ መደወል ነው።

ስለ ክራክ (ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ሶፍትዌር) ስብከት አልሰብክም፣ ግን የቴክኒክ ጣጣው ይታወቅ። ክራኩ ሲጫን አንቲቫይረስ እንዲጠፋ ይጠይቃል፣ ያ በር ከተከፈተ ማን እንደገባ አይታወቅም። ሲንጣጣም ሆነ ክራሽ ሲያደርግ ጥፋቱ የፕለጊኑ ይሁን የክራኩ መለየት አይቻልም። ከላይ የተዘረዘረው ልኬት ሁሉ እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ዋጋ የለውም።

ፕለጊን ላይ ብር ከማውጣት በፊት ነጻዎቹን ጨርሱ፦ ለኢኪው ቲዲአር ኖቫ፣ ለሪቨርብ ቫልሃላ ሱፐርማሲቭ፣ ለሲንት ቫይታል እና ሰርጅ ኤክስቲ። ሰርጅ ለእኛ ልዩ የሚሆነው የስካላ ቅኝት ፋይል ስለሚያነብ ነው። ስካላ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ የየድምፁን ርቀት በሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ጽፎ መጫን ይቻላል። የአንቺሆዬን ቅኝት ከክራሩ ላይ በቲዩነር ለክቶ ሲንቱን ከእሱ ጋር ማስማማት ከኪቦርዱ ፋብሪካ ቅኝት ጋር ከመታገል ይሻላል።

ያልተፈታው አንድ ነገር የብሉቱዝ ማውሱ ነው። በየሩብ ሰዓቱ ገደማ አንዴ 1400 ይመታል፤ ድራይቨሩ ተቀይሮም አልለቀቀም። ለጊዜው ባለ ገመድ ማውስ ተሰክቷል፤ ዩኤስቢ ሃብ ላይ ሳይሆን ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ፣ ሳውንድ ካርዱ ካለበት በተቃራኒው ጎን።