የአቡዬ ዋዜማ በአይ 76 መንገድ ላይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

«ከዚህ ካወጣኸኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። ዛሬ ነገ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ይኸው ዘግይቼም ቢሆን ስለቴን ልክፈል።

ተወልጄ ያደግኩት ቢሾፍቱ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ከደጃችን ዝቋላ ይታያል። እናቴ ጠዋት ወደ ተራራው ዞራ ሳትሰግድ እሳት አታነድም። እኔ አሁን የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራ ነው፤ ትራክ እነዳለሁ።

ነገሩ የሆነው መጋቢት 4 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ማርች 13 ቀን 2019፣ ረቡዕ ዕለት ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ከሦስት ቀን በፊት፣ እሑድ ጠዋት፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከቦሌ በተነሳ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ተከስክሶ 157 ሰው አልቋል። የትውልድ ከተማዬ ስም በየዜናው ሲጠራ እየሰማሁ ነበር የምነዳው። እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ማክሰኞ ነብራስካ ጭነት አራግፌ ኦጋላላ አደርኩ። ረቡዕ ማለዳ ስነሳ የሚጥለው ዝናብ ነው፤ ልክ እንደ እኛ የበልግ ዝናብ። ያታለለኝም እሱ ነው። በዚህ አገር አዲስ የሆነ ሰው ብርዱ ያለቀ የሚመስለው በዚህ ወር ነው፤ ነገር ግን በዴንቨር ከዓመቱ ወራት ሁሉ ብዙ በረዶ የሚጥለው በማርች ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የተነሳው እርጥብ አየር ሜዳውን ሽቅብ እየወጣ ሮኪ ተራሮች ጥግ ሲደርስ እርጥብና ከባድ በረዶ ያወርዳል። ትንበያው ከቀናት በፊት «ቦምብ ሳይክሎን» እየመጣ ነው ብሎ አስጠንቅቋል፤ የአየር ግፊቱ በአንድ ቀን ውስጥ 24 ሚሊባር ያህል ሲወርድ የሚሰጡት ስም ነው። እኔም ሰምቻለሁ። ጭነት የሚመድብልኝ ዲስፓቸሩ «ሐሙስ ጠዋት ከዴንቨር የሚነሳ ሎድ አለ» አለኝ። እሱ ቢሮ ተቀምጦ ነው፤ እሺ ብዬ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ተሳቢዬ ባዶ ነበር። ትራክ እስከ 80 ሺህ ፓውንድ ተጭኖ ሲሄድ ነፋስ ያስቸግረዋል እንጂ በቀላሉ አይጥለውም። ባዶ ተሳቢ ግን 53 ጫማ የሚረዝም ሸራ በሉት።

ወደ ዴንቨር በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በአይ 76፣ ፎርት ሞርጋንን እንዳለፍኩ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። አማርኛችን ለዚህ ቃል ያለው አይመስለኝም። ውርጭ አለን፣ አመዳይ አለን፣ ቆርቆሮ የሚደበድብ በረዶ አለን። ይህኛው ግን ከላይ የሚወርድ አልነበረም፤ ከሰሜን፣ ከቀኜ በኩል፣ አግድም ነበር የሚመጣው። መጀመሪያ መንገዱ ጠፋ፤ ቀጥሎ የራሴ መኪና አፍንጫ ጠፋ። የተሳቢው ኋላ ወደ ግራ ሲንሸራተት በመቀመጫዬ ይሰማኛል። ብቆም ከኋላዬ የሚመጣው ሳያየኝ ይገባብኛል። ብሄድ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።

ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። ከድንጋጤ ብዛት የረቡዑን ትቼ የሰኞውን እየደገምኩ ኖሯል። መሃል ላይ በድንገት ትዝ አለኝ፦ ነገ መጋቢት 5፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕረፍት ነው። በአገር ቤት ሰዓት መሽቷል፤ ዋዜማው ገብቷል። «አቡዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ጠጉርህን ብቻ ለብሰህ የዝቋላን ብርድ የቻልክ፣ ብርድ ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እኔን ተወኝ፤ ስለ እናቴ ብለህ ድረስልኝ!»

ብርሃን አላየሁም፤ ድምፅም አልሰማሁም። ነፋሱ ግን ተወት አደረገው። እስከ ሦስት ቢቆጠር ነው። መጋረጃ እንደተገለጠ ሆኖ አረንጓዴው የመውጫ ሰሌዳ በቀኜ ታየ፤ ዊጊንስ ይላል። ፍሬቻ ላብራ አላብራ አላውቅም። መውጫውን ይዤ ዞር ስል ሁሉም ተመልሶ ነጭ ሆነ።

አንድ ወዳጄ በኋላ «ነፋስ እኮ እንዲህ ነው፤ ይነፍሳል፣ ይተዋል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይተዋል። እኔን የተወኝ ግን ልክ ሰሌዳው ጋ ስደርስ ነው።

ማደያው በትራክ ተሞልቶ ነበር። አንድ ሶማሌ ሹፌር ከፔርሙዙ ሻይ ቀድቶ ሰጠኝ። ጾም ላይ እንደሆንኩ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት እንደማልቀምስ ነገርኩት። ሻዩን መልሶ አፈሰሰውና ሄደ። ልክ በዘጠኝ ሰዓት መጥቶ መስኮቴን አንኳኳ፤ ሁለት ስኒ ይዟል።

እዚያው ሆነን ነው ወሬውን የሰማነው። ከፊታችን፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ ሮገን አጠገብ፣ ከመንገድ የወጣ ሰው ለመርዳት የቆመ የግዛቱ ትራፊክ ፖሊስ በሌላ መኪና ተገጭቶ ሞቷል። እኔ የፈራሁትን መቆም እሱ ለሌላ ሰው ሲል ቆሞ ነው። ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ነፋሱ በሰዓት 80 ማይል፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ 97 ማይል ደረሰ ተባለ። የአየር ግፊቱም በኮሎራዶ ታሪክ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ሆነ።

ወደ እናቴ ደወልኩ። ለነገ ዝክር ንፍሮ ቀቅላ ቁጭ ብላለች። የደረሰብኝን አልነገርኳትም።

«ምንድን ነው የሚጮኸው ልጄ?» አለችኝ።

«ነፋስ ነው እማዬ።»

«እንግዲህ መጋቢት አይደል» አለችና ስለ ንፍሮው ቀጠለች።

በማግስቱ፣ በአቡዬ ዕለት፣ ሰማዩ ምንም እንዳላደረገ ሰው ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀን። በረዶው ከመንገዱ ዳር እየቀለጠ ይፈሳል። መንገድ ተከፍቶ ስንወጣ ሁለት ተሳቢዎች ጎማቸውን ወደ መንገዱ አዙረው በጎናቸው ተኝተው አየሁ። ሁለቱም ከዊጊንስ መውጫ ወዲያ ማዶ ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ልደብቅ አልችልም። እሑድ ዕለት ያን አውሮፕላን የተሳፈሩት ሰዎች እኔ ከጸለይኩት ያነሰ አልጸለዩም። የወደቁበት ቦታም ከዝቋላ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ይህንን ለነፍስ አባቴ አነሳሁባቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ከስለቴ ጧፍና ዕጣኑን በዚያው ሳምንት አስገብቻለሁ። ዝቋላን በእግሬ እወጣለሁ ያልኩት ግን እስካሁን አልሆነልኝም። መጀመሪያ ኮሮና መጣ። ኋላም በ2016 ዓ.ም. የዝቋላ ገዳም አባቶች ተገደሉ፤ እናቴም «አሁን እንዳትመጣ» አለችኝ። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ወደ ተራራው ዞራ ስትሰግድ፣ አንዱን ስግደት በእኔ ስም ታደርገዋለች።