ከትናንት ዳቦ የተሠራ የእሑድ ቁርስ፦ ቀረፋ ያለው ፍሬንች ቶስት በቤቴ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ላይ፣ የእሑድ ጠዋት ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ባለቤቴ ገና ሳይነጋ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቅዳሴ ስትሄድ እኔ ከስምንት ዓመት ልጃችን ጋር ቤት እቀራለሁ፤ ስትመለስም ትኩስ ቁርስ እንዲጠብቃት ማድረግ የእኔ ድርሻ ነው። ለረጅም ጊዜ ያ ቁርስ እንቁላል ፍርፍር ወይም ጨጨብሳ ነበር። ልጄ ግን በአንድ የልደት ግብዣ ላይ ቀረፋ የተነሰነሰበት ጣፋጭ ፍሬንች ቶስት ቀምሳ መጣችና «አባዬ፣ እኛም ቤት ይሠራ» አለችኝ። እሺ አልኋት። ዳቦ፣ እንቁላል፣ ወተትና ስኳር ብቻ የሚጠይቅ ምግብ ስለሆነ በአንድ ጠዋት የምወጣው መስሎኝ ነበር፤ እንደ ልቤ እስኪሆንልኝ ድረስ ግን ወደ አሥር የሚጠጉ እሑዶች አልፈዋል።

የመጀመሪያው ስህተቴ ለቤተሰቤ ጥሩ ነገር ላቅርብ ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው። በማለዳ ዳቦ ቤት ሄጄ ከምድጃ የወጣ፣ እንፋሎቱ ያልበረደ ለስላሳ ፎርኖ ዳቦ ገዛሁና ቆራርጬ እንቁላሉና ወተቱ ውስጥ ነከርሁት። ከሳህኑ ወደ መጥበሻው ሳነሳው መሐሉ ተበጠሰ፤ ሳይበጠስ የተረፈውም ውጪው ሲጠቁር ውስጡ እንደ ገንፎ ረጥቦ ጥሬ እንቁላል ይሸት ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ወተቱን ቀነስሁ፣ በሦስተኛው እሳቱን ጨመርሁ፤ ሁለቱም አልረዱኝም።

መፍትሔውን ያገኘሁት ስለ ምግቡ ታሪክ ሳነብ ነው። ስሙ ወደ ፈረንሳይ ቢያመለክትም ምግቡ ከዚያ እጅግ የቆየ ነው፤ በጥንታዊቷ ሮም ነጭ ዳቦን ወተት ውስጥ ነክሮ፣ ጠብሶና ማር አፍስሶበት መብላት የታወቀ ነበር። ፈረንሳዮች ራሳቸው «የጠፋ ዳቦ» ብለው ይጠሩታል፤ ደርቆ ከመበላት ውጪ የሆነውን ዳቦ ማለታቸው ነው። ይህን ሳነብ የእናቴ ጓዳ ትዝ አለኝ። እናቴ ያደረ ዳቦ ስታገኝ በበርበሬና በቅቤ ዳቦ ፍርፍር ትሠራው እንደነበር፣ ለፍርፍርም ትኩስ ዳቦ ፈጽሞ እንደማትነካ እያወቅሁ፣ እኔ ለዚህኛው ዳቦ ተቃራኒውን አድርጌ ነበር። ያደረ ዳቦ እርጥበቱ ስለሚቀንስና የውስጡ ስታርች ስለሚጠነክር ወተቱን መጥጦ እንኳ ቅርፁን ይይዛል፤ ትኩስ ዳቦ ግን ገና በራሱ እርጥበት የተሞላ በመሆኑ ትንሽ ሲጨመርበት ይፈርሳል።

ስለዚህ አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያልተቆረጠ ዳቦ እገዛለሁ፤ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው አስቀድሞ የተቆረጠ ዳቦ ለዚህ ሥራ በጣም ይሳሳል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ሰጥቼ እቆርጠውና ሳልሸፍን ወንፊት ላይ ደርድሬ አሳድረዋለሁ፤ ወንፊቱ ከሥርም አየር እንዲያገኘው ያደርጋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የበጋ ወቅት የሱሉልታ ነፋስ ሥራውን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። በክረምት ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ማሳደሩ ብቻ አይበቃም፤ ያን ጊዜ ጠዋት ላይ ቅባት ያልነካው መጥበሻ ላይ በለዘብተኛ እሳት እያገላበጥሁ፣ ሳይጠቁር፣ ላዩ ደረቅ እስኪል ድረስ አቆየዋለሁ።

ወተቱን የማገኘው ላም ካላቸው ጎረቤታችን ነው። ከላም እንደታለበ የሚመጣ ወተት ሳይፈላ ምግብ ውስጥ መግባት የለበትም፤ የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ከጥሬ ወተት ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ። ፍሬንች ቶስት ደግሞ መሐሉ ለስላሳ ሆኖ የሚወጣ ስለሆነ መጥበሻው ጨርሶ ያበስለዋል ብሎ መተማመን አይገባም። ስለዚህ ወተቱን ቅዳሜ ማታ አፍልቼ በደንብ አቀዘቅዘዋለሁ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ገና ትኩስ የሆነ ወተት እንቁላሉ ላይ ስለ ጨመርሁ እንቁላሉ እዚያው ሳህኑ ውስጥ በስሎ ተቋጠረብኝ። ላዩ ላይ የሚጋገረውን ስልባቦት መጀመሪያ አብሬ እመታው ነበር፤ ሆኖም ዳቦው ላይ እንደ ክር እየተጣበቀ አስቸገረኝ። አሁን ስልባቦቱን ለብቻው አንስቼ አስቀምጠዋለሁና ሲቀርብ ከማሩ ጋር ትኩሱ ዳቦ ላይ አደርገዋለሁ። ከዚህ ቁርስ የምወደው ጉርሻ ይኸው ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ክሬም የሚያስመኝ አይደለም።

ለስድስት ቁራጭ የምጠቀመው መጠን ሦስት የፈረንጅ እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋና በሁለት ጣት ቆንጠር የተደረገ ጨው ነው። የሐበሻ እንቁላል ከሆነ መጠኑ አነስ ስለሚል አራት አደርገዋለሁ፤ አስኳሉ የሚሰጠው ቀለምና ጣዕም ግን ተጨማሪዋን እንቁላል ያስረሳል። ስኳሩን ከዚህ አላበዛም፤ በበዛ ቁጥር መጥበሻው ላይ ቶሎ ይቃጠልና መራራ ይሆናል፤ ጣፋጭነቱን በኋላ ማሩ ይሞላዋል። የተመታውን እንቁላል በሻይ ማጥለያ አጠልለዋለሁ፤ ነጩ ሳይዋሐድ ሲቀር ዳቦው ላይ ነጭ ጭረት ሆኖ ይበስላል፣ ልጄ «እንቁላል እንቁላል ይላል» የምትለውም ያንን ነው።

ስለ ቀረፋ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምግቡን ምግብ የሚያሰኘው እርሱ ነውና። በመጀመሪያ የተጠቀምሁት የተፈጨ ቀረፋ ቀለም እንጂ ሽታ አልነበረውም። ተፈጭቶ ረጅም ጊዜ የቆየ ቅመም መዓዛውን የሚይዘው ዘይት ተኖበታል። ስለዚህ ለሻይ የምንገዛውን ያልተፈጨ ቀረፋ መጥበሻ ላይ ለአፍታ አሙቄ፣ በሙቀጫ ወቅጬ፣ በወንፊት ነፋሁት፤ ቤቱ በሙሉ ታጠነ። የሲሪላንካው ቀረፋ ስስ ስስ ሆኖ ተደራርቦ የተጠቀለለ፣ ለስለስ ያለ ነው፤ እኛ ገበያ ያገኘሁት ግን ወፍራሙ፣ አንድ ልጥ ብቻ ሆኖ የሚጠቀለለውና ጠንከር ያለው ነው። ይህ ወፍራሙ በብዛትና በተደጋጋሚ ቢወሰድ ጉበትን ሊጎዳ የሚችል ኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት ስለሚይዝ፣ ለልጅ በሚቀርብ ምግብ ላይ በማንኪያ እለካዋለሁ እንጂ እንዲሁ አልነሰንስም።

ሌላው ችግር ቀረፋው ወተት ላይ መንሳፈፉ ነበር። ዱቄቱ ከወተት ጋር በቀላሉ አይዋሐድም፤ እየተቋጠረ ላይ ይቀራል፣ መጀመሪያ የተነከረው ቁራጭም ሁሉንም ጠርጎ ይወስደውና የመጨረሻው ባዶውን ይጠበሳል። መላው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ ቀረፋውን በመጀመሪያ ከደረቁ ስኳር ጋር አሸዋለሁ፣ ከዚያ እንቁላሉን ጨምሬ እመታለሁ፣ ወተቱን በመጨረሻ በጥቂት በጥቂቱ አፈስሳለሁ። በእያንዳንዱ ቁራጭ መካከልም በሹካ አማስለዋለሁ።

የደረቀውን ዳቦ በአንድ ጎን ግማሽ ደቂቃ፣ በሌላው ጎን ግማሽ ደቂቃ ነክሬ፣ ከፍ አድርጌ ካንጠባጠብሁት በኋላ ወደ መጥበሻው አሳርፈዋለሁ። የገበታ ቅቤ ሽታው ድንቅ ቢሆንም በውስጡ ያለው የወተት ጠጣር ቶሎ ያርራል፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያመጣል። የነጠረ ቅቤ ይህ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን በኮሰረትና በበሶብላ የተነጠረው የወጥ ቅቤ ከቀረፋና ከማር ጋር አይስማማም። አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁና አልደግመውም። አሁን ቅቤ ሲነጠር ቅመም ሳይገባበት ጥቂቱን በትንሽ ጠርሙስ አስቀራለሁ። እሳቱ ዝቅ ያለ መሆን አለበት፤ መብራት ጠፍቶ ከሰል ላይ ስሠራ ፍሙን አመድ አለብሰዋለሁ። አንዱ ጎን ወርቃማ ቡናማ ሲሆን እገለብጥና ለአንድ ደቂቃ እከድነዋለሁ፣ ሙቀቱ መሐል ድረስ እንዲገባ። ከዚያ ክዳኑን ካላነሳሁ እንፋሎቱ ተመልሶ ያረጥበዋል። መብሰሉን የማውቀው መሐሉን በጣቴ ስጫነው ተመልሶ ሲነሳና ፈሳሽ ሳያወጣ ሲቀር ነው።

እንቁላልና ወተት ያለበት በመሆኑ ይህ ቁርስ የፍስክ ቀን ምግብ ነው። ስፔናውያን ተመሳሳዩን ምግብ በዐቢይ ጾምና በሰሞነ ሕማማት መብላታቸውን ሳውቅ ገርሞኛል፤ እኛ ቤት ያን ጊዜ ሁሉ ተረስቶ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። የተመለሰበትም ቀን ከሁሉ የተሻለውን አመጣልን። ለበዓሉ በኮባ ተጠቅልሎ ከተጋገረው ድፎ ዳቦ የተረፈውን ማክሰኞ ዕለት ቆርጬ ሞከርሁት። ድፎ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በእያንዳንዱ ጎን ከአንድ ደቂቃ በላይ መነከር ይፈልጋል፣ እሳቱም ከወትሮው ይበልጥ መለዘብ አለበት፤ በምላሹ ግን ፈጽሞ አይበጠስም፣ ውስጡ ያለው ጥቁር አዝሙድም ከቀረፋው ጋር ሲገናኝ በፎርኖ ዳቦ አግኝቼው የማላውቀውን ጣዕም ይሰጣል። በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሠራነው።

በዚያው ሰሞን ሁለት ቁራጭ በሳህን ሸፍኜ ወተት ለሚሸጡልን ጎረቤታችን ወሰድሁላቸው። ቀመሱና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ጥሩ ነው፤ ኮረሪማ ጣል ብታደርግበት ደግሞ» አሉኝ። በነጋታው ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈለፈለና የተወቀጠ ኮረሪማ ጨመርሁበት፤ ቀረፋውን ዋጠው። ወደ ሩብ ማንኪያ ዝቅ ሳደርገው ግን ባለቤቴ ከመጀመሪያው ጉርሻ በኋላ ምን እንደ ጨመርሁ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሩብ ማንኪያው አልቀረም።