ነጭ ጨርቅ ለተገረዘ ልጅ

ልጅ በተገረዘ ማግስት ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ ቡናው ሳይፈላ ምክሩ ይፈላል። አንዷ ቅቤ ቀቡት ትላለች፣ ሌላዋ አመድ ነስንሱበት። ሁለቱም ይቅር። አመድና ዕበትማ መንጋጋ ቆልፍ ይዘው ሊገቡ ይችላሉ።

ብዙዎችን ያለቦታው የሚያስደነግጣቸው ቢጫው ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የብልቱን ጫፍ የሚያለብሰው ስስ ቢጫ ነገር ቁስሉ ሲሽር የሚያወጣው ሽፋን ነው፤ መግል መስሏቸው በጥጥ የሚፈገፍጉት የዳነውን መልሰው ያቆስሉታል። በሳምንት በዐሥር ቀን በራሱ ይጠፋል። መግል ከሆነ ይሸታል፤ እብጠቱና ቅላቱም ወደ ብልቱ ግርጌ ይሰፋል።

ቀዩን ግን ማንም ልብ አይለውም። 3 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ መላ ደሙ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ በቡና ሲኒ ቢቀዳ ከሦስት አራት አያልፍም። ስለዚህ መጠቅለያው ነጭ ጨርቅ ይሁን፤ ጠቆር ያለ ጨርቅ ደሙን ይደብቃል። ጠብታ ጠብታ ያለ ነው። ከአንድ ብር ሳንቲም የሰፋ ትኩስ ደም ከታየ ግን በንጹህ ጎዝ ይዞ፣ ሰዓት እያዩ 10 ደቂቃ መጫን። በየመሀሉ ገለጥ ማድረግ የረጋውን ይነቅለዋል። ካልቆመ እየተጫኑ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ቤት ለተወለደ ልጅ ስጋቱ ይብሳል፤ ደም እንዲረጋ የሚረዳውን የቫይታሚን ኬ መርፌ ሳያገኝ ነው ስምንተኛው ቀን የሚደርሰው። በእናቱ ወገን ደሙ አልቆም የሚል አጎት ካለም ለገራዡ አስቀድሞ ይነገር።

ቀሪው ቀላል ነው። ጨርቅ በተቀየረ ቁጥር የባቄላ ፍሬ የሚያህል ቫዝሊን ጎዝ ላይ አድርጎ ቁስሉን መሸፈን፣ ከ5 እስከ 7 ቀን። ጎዙ ከተጣበቀ አይጎተት፤ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ሲርስ ይለቃል። በ12 ሰዓት ውስጥ ካልሸና ፋሻው ጠብቆ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። በብብቱ ሲለካ 37.5 ከደረሰ፣ ወይም እንደ ደሴ ባለ ብርድ ከ35.5 ከወረደ፣ ወይም ጡት እምቢ ካለ እስኪነጋ አይጠበቅም። ከሚሴ ላይ ደግሞ ዝንቡ ነው ጣጣው፤ አጎበር ይዘርጋለት።

አድጎ የተገረዘው ሱሪ ይቅርበትና ሽርጥ ይታጠቅ፣ ቋጠሮው በጎን በኩል ሆኖ። ኳሱን ለሦስት ሳምንት ደብቁበት።